ስልጠናው ድንኳን ውስጥ ነው

ውድ አባዬ፤

ይህን ደብዳቤ ከመቀጠልህ በፊት መቀሱን አስቀምጥና ተቀመጥ። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ጤነኛ ነኝ፣ በደንብ እበላለሁ፣ እንዲያውም ፊቴ ሞላ ብሏል። ግን አንተ በሥራ መሃል ነገር ሲነገርህ እጅህ ይስታል። የሰው ጨርቅ በእኔ ምክንያት እንዲበላሽ አልፈልግም።

ተቀመጥክ? እሺ። ስልጠና ላይ አይደለሁም።

አዳራሽ የለም፤ አሰልጣኝም የለም። በስልክ «ጠዋት ጠዋት ሻይና ኬክ ይሰጡናል» ያልኩህ፣ ሻዩ እውነት ነው፤ ኬኩ ግን ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። ይህን የምጽፍልህ ድንኳን ደጃፍ ላይ፣ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። ከፊቴ ደን አለ። ከኋላዬ ሣር አለ። ከሣሩ ወዲያ ሣር፣ ከዚያም ወዲያ ሣር። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ በመኪና ስንመጣ ዛፍ የሚባል ነገር አላየንም። ሜዳው ከመስፋቱ የተነሳ መኪናው የሚሄድ አይመስልም፤ ጎማው ይዞራል እንጂ አንተ እዚያው ነህ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግን ሩቅ፣ ከሰማዩ ጫፍ ሥር፣ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። አንድ ሰው ሰፊ ቢጫ ጨርቅ ዘርግቶ መሃሉ ላይ ብጣሽ ጥቁር ሱፍ ረስቶ የሄደ ነው የሚመስለው። «ያው ደናችሁ» አለ ሹፌሩ። አባዬ፣ እንባዬ መጣ። የመንገዱ አቧራ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ውሸት እንደ አቧራ ነው፤ ካልወጣ ደጋግሞ ያስነጥሳል።

ሱፉን የለካህልኝን ከሰዓት ታስታውሳለህ? የባንኩ ሥራ አስኪያጅ «ለልጅህ ወንበር ተይዞላታል፤ በወሩ መጀመሪያ ትምጣ» ብሎህ የሄደ ዕለት ነው። አንተ ደስታህን መደበቅ አትችልም፤ ካውያውን ሁለቴ ሳትሰካው ልትተኩስበት ሞክረሃል። እኔ ደግሞ ኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ባየሁት ማስታወቂያ አመልክቼ፣ ያን ቀን ጠዋት ተቀብለውኝ፣ ወረቀቱን በእጄ ይዤ ነበር የመጣሁት። ለሦስት ሳምንት ሙከራ፤ ዛፍ ቆጠራ፤ ሩቅ ቦታ፤ ማደሪያ ድንኳን። አራት ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ያየሁትን ደን በእግሬ ልገባበት ነው። እንዴት እንደምነግርህ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ሱቁ ድረስ ስለማመድ መጣሁ። ገና ስገባ ግን «ነይ፣ ነይ፣ ክንድሽን አንሺ» አልከኝ።

ክንዴን አነሳሁ። አንተ አራት መርፌ በከንፈርህ ይዘህ ትዞረኛለህ።

«ወረቀቱ ምንድነው?» አልከኝ፣ መርፌዎቹን ሳትተፋ።

«ለሦስት ሳምንት ነው... ከከተማ ውጭ...»

«ስልጠና ነው?»

«አዎ።»

በቃ፣ ውሸቴ ይህችው ናት። አንዲት ቃል። እሷንም ያቀበልከኝ አንተ ነህ። አዳራሹን፣ አሰልጣኙንና ኬኩን ግን እኔ ነኝ ኋላ በስልክ የቀጠልኩባት፤ በዚያ አንተን አልወቅስም። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ «አዎ» ከእውነቱ ይቀድመኛል፤ ለዚህ ነው መደወሉን ትቼ የምጽፍልህ። እማዬንም እንዳትቆጣት። ምንም አልነገርኳትም። ግን ስነሣ «አዳራሽ ይበርዳል» ብላ ሦስት ወፍራም ካልሲና አንድ የእጅ ባትሪ ሻንጣዬ ውስጥ ከታልኛለች። የምን አዳራሽ ባትሪ ይፈልጋል? እናት ናት፣ ምን ትደርስባታለህ።

ሱፉም እዚሁ ከእኔ ጋር ነው። እንዴት ትቼው ልምጣ? አንተ ራስህ አጣጥፈህ ነው የሰጠኸኝ። ድንኳኔ ውስጥ ከምሰሶው ላይ በማንጠልጠያ ሰቅዬዋለሁ፤ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አለቃ ከበላይ ቆሞ የሚቆጣጠረኝ ይመስለኛል።

አሁን ከሰዎቹ ጋር ላስተዋውቅህ፤ ብዙ አይደሉም። አለቃችን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ቀጭን ናቸው፣ ሲራመዱ ግን እኔ ሮጬ ነው የምደርስባቸው። ሹፌሩን ሁሉም ቶሎቶሎ ነው የሚለው፤ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ስለማያውቅ ነው። ወጥ የሚሠራውም እሱ ነው፤ ወጡም እንደ አነዳዱ ነው፣ ምሳ ሲል እራት ይደርሳል። ሦስተኛው የደኑ ጠባቂ ናቸው፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖረዋል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ለዛፎቹ «ልጆቼ» ይላሉ፣ አንዳንዱን ዛፍ ደግሞ ይሰድቡታል።

የመጣን ዕለት ምን ሆነ መሰለህ፣ ድንኳን እየተከልን ሳለ ከሜዳው ነፋስ ተነሣ። የእትዬ ድንኳን ስፌቱ ላይ ጠረረረ ብሎ ተቀደደ። ቶሎቶሎ የመኪና ፕላስተር ይዞ መጣ። እኔ ሮጬ ድንኳኔ ገባሁና የሱፉን ኮት ገበር ፈተሽኩ። አላሳፈርከኝም፤ እንደ ልማድህ ክር የገባላት መርፌ ሰክተህበታል። በእጥፍ ክር፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ አንተ ለከባድ ጨርቅ በምታደርገው አሰፋፍ ሰፋሁት። እትዬ ስፌቱን በሁለት እጃቸው ወጥረው አዩትና «ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?» አሉኝ።

«አይ፣ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ነው» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉም ሰው ቁልፍና ኪስ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከሱቅ ሸሽቼ መጥቼ ደን ውስጥ ሱቅ ከፈትኩ።

ደኑን እንዴት ልንገርህ? ሜዳው ላይ ስትሆን ነፋሱ ጆሮህን አይለቅም። ደኑ ውስጥ አሥር እርምጃ ስትገባ ግን በር የተዘጋብህ ይመስል ፀጥ ይላል። ትንሽ ሆኜ የጨርቅ ጥቅሎቹ መደርደሪያ ኋላ ገብቼ እደበቅብህ አልነበር? ያኔ የሚሰማኝ ዓይነት ፀጥታ ነው። ከዚያ ጆሮህ ሲለምድ ፀጥታው ውስጥ ሌላ ነገር ትሰማለህ፤ ንብ፣ ወፍ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ። በዙሪያው ለአንድ ቀን ተኩል መንገድ አንድም ዛፍ የለም፤ እነዚህ ግን እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ማን ተክሏቸው? ለምን እዚህ? ጋሼን ብጠይቃቸው «ውኃው ሥር ተሰብስበው ነው፤ እንደ ሰው ናቸው» አሉኝ። መጽሐፉም ያንኑ ነው የሚለው፤ አርባ ገጽ ፈጅቶ።

ሥራችን ይኸውልህ። በኮምፓስ ቀጥ ያለ መስመር እናወጣለን፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን ዛፍ ሁሉ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ ከዚያ ደረታችን ትክክል ላይ ግንዱን በሜትር እንጠመጥመዋለን። አንተ የሰው ደረት እንደምትለካው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ዛፍ ሆዱን አይስብም። ሜትሩ ግን እንዳንተ ሜትር አይደለም። ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ፊት የግንዱን ዙሪያ ታነብበታለህ። በሌላው ፊት ደግሞ ቁጥሮቹ ተራርቀው ተጽፈዋል፤ ስትጠመጥመው ራሱ አስልቶ ውፍረቱን፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት እንደሆነ ይነግርሃል። እኛ የምንመዘግበው ውፍረቱን ነው። ፊቱን ከሳትክ ዛፉ በአንዴ ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍርልሃል።

እየሳቅክ ነው አይደል? ገና ሳልነግርህ ገብቶሃል።

እትዬ ያወጡት ሕግ አንድ ሜትር፣ አንድ ጸሐፊ የሚል ነው። ጋሼ ይለካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እንደዚያ ሠራን፤ ወደ መቶ ዛፍ ነው። በሁለተኛው ቀን እትዬ የደኑን ዳር ለመዞር የሦስት ቀን ምግባቸውን ተሸክመው ለብቻቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አንድ ሥራ በአንድ እጅ ሲሠራ ሳይ ያሳክከኛል። የሙከራ ጊዜዬ ነው፤ ትቀጠር ወይም ትመለስ ብለው የሚጽፉት እትዬ ናቸው፤ ሲመለሱ ሁለት እጥፍ ሠርቼ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። ቶሎቶሎ የመኪናው ጥላ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ትርፉን ሜትር ሰጠሁትና «ና፣ አንተ በቀኝ፣ ጋሼ በግራ፣ እኔ መሃል» አልኩት።

እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለህ!

«ሃያ ስምንት!» ከግራ።

«ዘጠና አንድ!» ከቀኝ።

«ሠላሳ ሦስት! ይኼ ሰነፍ ነው፣ አምናም ያው ነበር!» ከግራ።

«መቶ አርባ!» ከቀኝ።

እሾህ ሲበዛባቸው ቦታ ይቀያየራሉ፣ እኔ ሁለቱንም በሁለት ጆሮዬ እየሰማሁ እጽፋለሁ። በሦስት ቀን አራት መቶ አስራ ሁለት ዛፍ። ደብተሩን ሳገላብጠው የግዙፎች ደን ነው። በሦስተኛው ቀን አስር ሰዓት ላይ ሰፈር ተመልሰን ሻይ ስንጠጣ፣ ለጋሼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ቁጥር ሁለት መቶ ስድሳ፣ ሁለት መቶ አስራ አራት!»

«ምኑ?» አሉ ጋሼ።

«ውፍረቱ።»

«የማን?»

«የዛፉ ነዋ!»

ጋሼ ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ሁለት ሜትር የሚወፍር ዛፍ ቢኖረኝ ውስጡን ፈልፍዬ እኖርበት ነበር እንጂ በዚህች ጎጆ ምን ያንገላታኛል?»

ተያይዘን ሄድን። ቁጥር ሁለት መቶ ስድሳ ዘንድ ስንደርስ እኔ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላ በኩል አቀፍነው። እጃችን ተገናኝቶ ተረፈን። ጋሼ ከግንዱ ወዲያ «ግዙፉ ይኼ ነው?» ይሉኛል። ወደ ሰፈር በሩጫ ተመለስኩ።

«ሜትሩን እንዴት ነበር የያዝከው?» አልኩት ቶሎቶሎን።

«እንደ ሰው!»

«በየትኛው ፊቱ?»

ሜትሩን ከኪሱ አወጣና አገላበጠው። «ፊት አለው እንዴ?»

አባዬ፣ ያኔ ምን ትዝ አለኝ? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንተ የአንድ ሰውዬ ወገብ እየለካህ እኔ ቁጥሩን አንብቤ ስጽፍ በኢንች በኩል አነበብኩልህ። አንተ የጻፍኩትን አይተህ «ይኼ ሰውዬ ወገቡ አርባ ሳንቲ ከሆነ ሰው አይደለም፣ ጠርሙስ ነው» ስትል ሰውዬው ራሱ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርገህ «መጀመሪያ ፊቱን እይ» አልከኝ። ለጋሼ የመጀመሪያው ቀን አሳይቻቸዋለሁ። ለቶሎቶሎ ግን ስቸኩል ሰጠሁት እንጂ አላሳየሁትም። የልብስ ሰፊ ልጅ! አራት ዓመት ተምሬ፣ በዚያ ላይ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ!

ዙሪያውን ወደ ውፍረት ለመመለስ ማካፈል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ችግሩ የትኛው ቁጥር የጋሼ፣ የትኛው የቶሎቶሎ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። ዘጠና አንድ የሚለው የእውነት ወፍራም ዛፍ ይሁን የቀጭን ዛፍ ዙሪያ ማን ሊነግረኝ? ስለዚህ ሥራው በሙሉ ባዶ ነው። እትዬ የሚመለሱት የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሰፈራችንን ነቅለን ወደ ደኑ ሌላ ጫፍ እንሄዳለን።

ቶሎቶሎ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ስሚ» አለኝ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት በያቸው። እኔን አያባርሩኝም፤ ያንን መኪና ከእኔ በቀር የሚያስነሣው ሰው የለም።»

እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። አፌን ከፍቼ ነበር። ያው አሁንም አንድ ቃል ሊያቀብለኝ ነው፤ «አዎ» ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ያኔ ነው ሱፉ ትዝ ያለኝ፣ አንተም ከነመርፌዎችህ። አንዱን ገና አልጨረስኩ፣ ሌላ ልጨምር? አፌን ዘጋሁት።

እትዬ አቧራ ለብሰው ሲደርሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነገርኳቸው። በሁለት ሜትር እንዳስለካሁ፣ ሕጋቸውን እንደጣስኩ፣ ፊቱን እንዳላሳየሁት። ቶሎቶሎ ከኋላዬ «እኔም እኮ መጠየቅ ነበረብኝ» ይላል። ጋሼ ደግሞ «ዛፎቹ አልተጎዱም» ይላሉ።

እትዬ ደብተሩን ተቀብለው ገጽ በገጽ ገለጡት። አገላለጣቸው ከስድብ ይከብዳል፤ አንተም የተበላሸ ስፌት ስታይ እንደዚሁ ነህ።

«ስንት ዛፍ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አራት መቶ አስራ ሁለት።»

«መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እንግዲያው አሁን ብዪና ተኚ።»

ከዚያ የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ «እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ የብረት ምሳ ሳጥኔን ከኮምፓሱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይዤ ግማሽ ቀን ሙሉ መስመር አወጣሁ» አሉ። «ኮምፓሱ ሰሜን ብሎ የሚያሳየኝ ምሳዬን ነበር። ስጨርስ ደኑ ውስጥ ሳይሆን የሰው ጓሮ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። አንዲት ሴትዮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ‹ምን ፈለግሽ?› ስትለኝ ‹ሰሜንን› አልኳት።»

ቶሎቶሎ ሻዩ ወደ አፍንጫው ሄደበት።

በበነጋታው አራታችንም ገባን። አሁንም ሁለት ሜትር ነበር፤ ግን ሁለት ጸሐፊ። እትዬ ከጋሼ ጋር፣ እኔ ከቶሎቶሎ ጋር። ቶሎቶሎ ከእያንዳንዱ ዛፍ በፊት ሜትሩን ወደ እኔ አዙሮ «እትዬ ትንሿ፣ ፊቱ ይኼ ነው?» ይለኛል። አራት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ ባይሆንም ሁለት መቶ ጊዜ ብሎኛል። ክንዴ ዛለ፣ ጉንጬን እሾህ ቧጨረኝ፣ የእማዬ ካልሲ አንዱ ተበሳ። ግን ያን ሁለት ቀን የመሰለ ደስ የሚል ቀን በሕይወቴ አላሳለፍኩም። ያለምንም ሐሰት የምትሠራው ሥራ ለካ ቀላል ነው፤ የምትሸከመው ሜትሩን ብቻ ነው።

ትናንት አስር ሰዓት ላይ ጨረስን። የእውነቱ ደን የግዙፎች አይደለም። ከስድሳ ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወፍሩት አሥራ ዘጠኝ ዛፎች ናቸው። አሥራ ዘጠኝ! በስም ነው የማውቃቸው፤ በጋሼ ስድብ ማለቴ ነው። ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «ይኼ የእኔ ደን ነው። ያኛውን እኔም አላውቀውም ነበር» አሉ።

ከዚያ እትዬ የተቀዳደደ ጓንታቸውን እንድሰፋላቸው ሊሰጡኝ ወደ ድንኳኔ መጡ። ገና ጎንበስ ብለው ሲገቡ ከሱፉ ጋር ፊት ለፊት ተጋጩ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ለዛፎቹ ነው?»

«አይ... ለባንክ።»

በዚያ ጀመርኩና እስከ ኬኩ ድረስ ዘከዘክሁት። ኬኩ ጋ ስደርስ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«ስትመጪ በሞላሽው ቅጽ ላይ፣ ‹በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው› በሚለው ላይ የጻፍሻት ልጅ ማን ናት?»

«የዶርም ጓደኛዬ ናት።»

«እግርሽ ቢሰበር እሷ ዘንድ ደውዬ ምን ልበል? እሷስ ሄዳ ለአባትሽ ምን ልትላቸው ነው? አዳራሽ ውስጥ ከዛፍ ላይ ወደቀች?»

ይህን ብለው ከቦርሳቸው አዲስ ቅጽ አወጡ። የቋሚ ቅጥር ቅጽ ነው አባዬ። ሁሉንም ሞልተው ፈርመውበታል፤ «ስህተቷን በራሷ አንደበት ያመጣች ሠራተኛ» የሚል አስተያየት ሁሉ አለበት፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባዶ የነበረችው ያቺ መስመር ብቻ ናት።

«ሥራው ያንቺ ነው» አሉኝ። «ግን የት እንዳለች ወላጇ የማያውቃትን ልጅ እኔ ይዤ ደን አልገባም። እዚህ ላይ ስማቸውን ጻፊ። እኔ ራሴ ደውዬ አረጋግጣለሁ።»

ስለዚህ ጻፍኩ። ያንተን ስምና የሱቁን ስልክ። ቅጹ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ይህን ደብዳቤ አንድ ሳምንት አዘገየው ነበር፤ ይህንንም አልደብቅህም።

አባዬ፣ ወንበሩን ለምን እንደፈለግህልኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መደገፊያ የሌለው በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለህ ሰፍተሃል። ማታ ቤት ስትገባ ወገብህን ይዘህ ግድግዳ ላይ ስትደገፍ አይቼሃለሁ፤ እንዳላየሁ ሆኜ አልፋለሁ እንጂ። ለልጅህ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ጥላ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ነው የተመኘህላት። ይህን ስነግርህ ቢያሳፍረኝም፣ አንድ ቀንም አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም። አሁን አመሰግናለሁ። ግን እኔ መደገፊያውን ያገኘሁት እዚህ ነው። ከምሳ በኋላ ጀርባዬን ግንድ ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ፤ እንደዚያ ስቀመጥ መሄድ የምፈልግበት ሌላ ቦታ የለም። እኔ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችለው! አንተ ስትሰፋ ሰው ሲያናግርህ የማትሰማው ለምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ።

ለሥራ አስኪያጁ የሰጠኸው ቃል እንዳለ አልረሳሁም። አንተ አፍህን አታብላሽ፤ ሦስት ሳምንቱ አልቆ ሰኞ ስመለስ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ሱፉን ለብሼ ነው የምሄደው፤ እንቢ ስል እንኳ አሰፋፍህ ይታይ።

ቶሎቶሎ ነዳጅና ቀለብ ሊያመጣ ወደ ከተማ ሊወጣ ነው። ደብዳቤውን በእሱ እጅ እልክልሃለሁ፤ በእሱ አነዳድ እንኳ እስከ ረቡዕ ጠዋት ይደርስሃል። ሞተሩን አስነሥቶ «እትዬ ትንሿ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትጽፊው?» እያለኝ ነው።

ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ እትዬ ይደውሉልሃል። ስልክ የሚሠራው ከደኑ ውጭ ያለች ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ይጮኻል፤ ታገሣቸው። «ልጅዎ የት ናት?» ብለው ይጠይቁሃል። ከተናደድክብኝ «አላውቅም» በላቸው፤ አይከፋኝም፣ ሰኞ ቤት መጥቼ እስኪበርድልህ እጠብቃለሁ። «ደን ውስጥ ናት» ካልካቸው ግን፣ እኔ ጉብታዋ ላይ ከጎናቸው ነው የምቆመው፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ እሰማሃለሁ።

ያንተው ልጅ፣
ቁጥር ሁለት መቶ ስድሳን የምትደገፈው